ለቦሎ ነው ለእሳት?

«ለቦሎ ነው ለእሳት?» አለኝ ሻጩ።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነበርኩ። ከላይ ስፖኪዮና የፍሬን ሸራ ተሰቅሏል፤ ከታች ወለሉ ላይ ቀያይ ሲሊንደሮች በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ጥያቄው መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን የምሩን ነው። እሱ ጋ እሳት ማጥፊያ ሊገዛ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ባለመኪና ነው። መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ «እሳት ማጥፊያ?» ይባላል፣ ሹፌሩ ከወንበር ሥር መዝዞ ያሳያል፣ ይመልሳል፣ አለቀ። በዓመቱ እንደገና። «ለቦሎ ከሆነ ይቺ ትበቃሃለች» ብሎ ከውሃ ሃይላንድ ብዙም የማትበልጥ አንዷን አነሳ። «ለእሳት ከሆነ ግን ቁጭ በልና እናውራ።»

ጊዜው ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 11 ቀን ማታ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት ገና ከሰው አፍ አልጠፋም። እሳቱ ከሱቅ ሱቅ ሲሻገር፣ የእሳት አደጋ መኪኖቹ በጠባቡ መንገድና በሕዝቡ መሃል ለመግባት ሲቸገሩ በስልኬ እያየሁ ነበር ያመሸሁት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል የመጣው ሁሉ «ለእሳት» ይል ነበር አለኝ ልጁ። «አሁን ተመልሶ ቦሎ ሆኗል።»

«ለእናቴ ነው» አልኩት።

«እናትህ ይነዳሉ?»

«አይ፣ መቱ ነው ያለችው። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ፈልጌ ነው።»

ልጁ ትንሽ አየኝ። ለቤት፣ ያውም ለክፍለ ሀገር ቤት፣ ያውም ለእናት እሳት ማጥፊያ የሚገዛ ሰው ብዙ እንደማይገጥመው ከፊቱ ያስታውቃል። ለእናት ጋቢ ነው የሚገዛው፤ ወይ ስኳርና ዘይት። እኔም ለ20 ዓመት ስወስድላት የኖርኩት ይህንኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ነው። የእሳት አደጋ ሥልጠና ተብለን ከቢሮ ወጣን። ግማሹ ሰው ከሥራ ማምለጫ አድርጎት ቡና ይዞ ነው የመጣው። ሁለት ባለሙያዎች ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ናፍጣና ቤንዚን ቀላቅለው ለኮሱ። ፒኑን ንቀል፣ ከነበልባሉ ሥር አነጣጥር፣ ጨምቅ፣ ግራና ቀኝ ጥረግ። አራት ቃል ነው። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ በታኮ ጫማ ሄዳ በአምስት ሰከንድ አጠፋችውና ተጨበጨበላት። ሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ ይሁን፣ በሩም ከጀርባችሁ ይሁን፣ እሳቱ ከእናንተና ከበሩ መሃል ከገባ ዕቃው ይቅርና ውጡ አሉን። ስልካቸውን ነገሩን፤ አዲስ አበባ 939 ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

ከዚያ አንዱ ባለሙያ ትንሽ የብረት ድስት ውስጥ ዘይት አፍልቶ እሳት አስያዘው። «አሁን ብዙዎቻችን የምንሠራውን ስህተት ላሳያችሁ» አለና ሁላችንንም ወደ ኋላ ገፋን። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረች ጣሳ ነበረችው። በጣሳዋ ያለው ውሃ ከአንድ ሲኒ አይበልጥም። ድስቱ ላይ አፈሰሰው።

ነበልባሉ ከቢሯችን አንደኛ ፎቅ መስኮት እኩል ወጣ። ሰው ጮኸ፣ ሳቀ፣ ስልክ አወጣ። እኔ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ።

ያንን እሳት አውቀዋለሁ። 1990 ዓ.ም. መቱ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ አይቼዋለሁ። ለኩሼው የነበረውም እኔ ነኝ፤ ልክ እንደ ባለሙያው፣ በውሃ። ውሃ መሆኑን ግን ለ26 ዓመት አላወቅኩም ነበር።

እማዬ ቦንቦሊኖ ትጠብስ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች፤ ሲነጋ ከመናኸሪያው በር ላይ ናት። የጎሬው፣ የበደሌው፣ የጋምቤላው መንገደኛ በእሷ ቦንቦሊኖና በጎረቤታችን ሻይ ነበር የሚነሳው። ቤታችን እንደ ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ እንጋራለን፣ ጣሪያውም አንድ ወጥ ቆርቆሮ ነው። የጓዳው ኮርኒስ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነበር። ዓመት ሙሉ የዘይት ጢስ የጠጣ ከረጢት። ከሥሩ የላምባ ቡታጋዝ፣ ከቡታጋዙ ላይ ድስት።

የዚያን ሌሊት በብርሃን ነው የነቃሁት። መብራት የመጣ መስሎኝ ነበር። በመጋረጃው ሳይ ድስቱ ራሱ እየነደደ ነው። እማዬ ሁለተኛውን ሊጥ ልታመጣ ዞር ብላ ኖሮ ወደ ድስቱ ስትመለስ አየኋት። እኔ 11 ዓመቴ ነው። በር አጠገብ በጆግ ውሃ ነበር። ሮጥኩ።

ዘይት ሲጠበስበት 180 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሳት ሲይዝ ደግሞ ከ300 ያልፋል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ሥር ይሰምጣል፣ እዚያ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ሲሆን ከነበረው መጠን 1,700 ጊዜ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ውሃው የሚያደርገው ዘይቱን በጥቃቅን ነጠብጣብ ወደ አየር መበተን ነው፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ደግሞ እሳት ናት። ይህን ሁሉ ኋላ አንብቤ ነው የተረዳሁት። ያን ጊዜ ያየሁት ድስቱ ሲተፋ ነው። እማዬ በግራ እጇ እኔን ወደ ኋላ ወረወረችኝ። ቀኝ እጇ ከፊት ነበር።

ሰው የደረሰው በጩኸት ነው። «ኢቢዳ! ኢቢዳ!» ይላል አንዱ፣ «እሳት!» ይላል ሌላው። በእኛ ሰፈር እሳት ሲነሳ በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚጮኸው። ወንዶቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው በእኛና በጎረቤት መሃል ያለውን ቆርቆሮ በመጥረቢያ ገነጠሉት፤ እሳቱ እንዳይሻገር። ሴቶቹ አፈርና አመድ አመጡ። ጓዳው ሄደ፣ ቤቱ ተረፈ። የእማዬን እጅ አንዷ የጥርስ ሳሙና ቀባቻት፣ ሌላዋ ማር ጨመረችበት። (የተቃጠለን ቦታ ወዲያው ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ እንጂ ምንም አለመቀባት ነው ትክክሉ። ውሃው ለድስቱ ሳይሆን ለእጇ ነበር የሚያስፈልገው።) ከሆስፒታል ስትወጣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና የቀለበቷ፣ ወደ መዳፏ ታጥፈው ቀርተዋል። እስከ ዛሬ እንደዚያው ናቸው።

እኔ ተመሰገንኩ። የሚከብደኝ ይሄ ነው። «ጎበዝ ልጅ፣ ውሃ ይዞ ሮጠ እኮ!» እያሉ ጎረቤቶች ራሴን ዳበሱኝ። ለዓመታት ሲነሳ እንደዚያ ነበር የሚወራው፤ ድስት ነደደ፣ ልጁ ሊያጠፋ ሮጠ፣ እሳቱ ግን ባሰ።

ስለዚህ ለሶማሌ ተራው ልጅ «ለእሳት ነው» አልኩት። ቁጭ አልኩና አወራን።

ደጅ ላይ ካሉት አብዛኞቹ የዱቄት ናቸው። ቤት ውስጥ ለሚያጋጥመው ሁሉ፣ ለእንጨቱም፣ ለጨርቁም፣ ለላምባውም፣ ለኤሌክትሪኩም ይሆናል የሚባለው ይህ ነው። ዱቄቱ ሞኖ አሞኒየም ፎስፌት ይባላል፤ ማዳበሪያ ሆኖም ይሸጣል። (ያዩ ላይ ይሠራል ተብሎ ስንት ዓመት የተጓተተው የማዳበሪያ ፋብሪካ ትዝ ብሎኝ ሳቅኩ፤ ልጁ አልገባውም።) ቀጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፤ አፉ ቀንድ የሚመስል ጥቁሩ። ዱካ አይተውም፣ ለኮምፒውተር ክፍል ጥሩ ነው፤ ጠባብ ዝግ ክፍል ውስጥ ግን አየሩን ከሰውም ይነጥቃል፤ ቀንዱን በባዶ እጅ የያዘም በብርድ ይቃጠላል። መለኪያ ሰዓትም ስለሌለው ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው በሚዛን ብቻ ነው። ፎም አለ፤ ለተደፋ ነዳጅ። ለሚነድ የመጥበሻ ዘይት ተብሎ ለብቻው የተሠራ ፈሳሽም በዓለም ላይ አለ፤ ትልልቅ ሆቴሎች ወጥ ቤት ይሰቅሉታል። ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ለውጦ እያቀዘቀዘ ያፍነዋል። እኔ የፈለግኩት እሱን ነበር። ልጁ ጋ አልነበረም።

«ዱቄቱ ለዘይት አይሆንም?» አልኩት።

«ያጠፋል» አለ። «ግን ቀርበህ ከረጨህ ዘይቱን ይበትነዋል። ካጠፋም በኋላ ዘይቱ እንደ ጋለ ስለሆነ መልሶ ሊነሳብህ ይችላል። ዱቄት አያቀዘቅዝም።» ከዚያ እንደ ዋዛ «ለድስት ክዳን ነው እንጂ» አለና ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግድ ዞረ። ያን ጊዜ ቃሉ አልያዘኝም። ቀይ ነገር ለመግዛት ነው የመጣሁት፣ ገዝቼ መውጣት ነበር የፈለግኩት።

ፊደሎቹም ያታልላሉ። ሲሊንደሩ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ይጻፋል። ኤ ጠጣር ነገር፣ ቢ ፈሳሽ ነዳጅ ነው፤ እዚህ ላይ ሁሉም ይስማማል። ሲ ግን በአውሮፓው አመዳደብ ጋዝ ሲሆን በአሜሪካው ኤሌክትሪክ ነው። እኛ አገር ሁለቱም ዓይነት ዕቃ ይገባል። ስለዚህ ፊደሉን ትቶ ሥዕሉን ማየት ነው፤ የሶኬት ሥዕል ካለው ለኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ከተሰረዘ አይሆንም። ልጁ ሌላም አሳየኝ። የመለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ይሁን፤ ፒኑ በፕላስቲክ ማሰሪያው የታሸገ ይሁን፤ የጎማው ቱቦ አይሰንጠቅ፤ ሥሩ አይዛግ። ዝገቱን ሲጠራ መቱን አሰብኩ። የኢሉባቦር አገር ሚስማር እንኳ ሳይዝግ አይከርምም።

ባለ 6 ኪሎውን ገዛሁ። ትልቅ ይሻላል ብዬ ነው። በአውሮፓው መለኪያ ባለ 6 ኪሎ ቢያንስ ለ9 ሰከንድ፣ ባለ 2 ኪሎ ቢያንስ ለ6 ሰከንድ መርጨት አለበት፤ በቃ ይሄው ነው፣ ከዚያ ባዶ ነው። ስለዚህ በየትኛውም መጠን የሚያጠፋው የጀመረን እሳት ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ 9 ከ6 ይበልጣል ብዬ አሰላሁ። እማዬ ማን እንደሆነች ረስቼ ለራሴ ጉልበት ነው የገዛሁት።

ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረዳቱ መናኸሪያ ላይ ሲሊንደሩን ሲያይ «ይሄ ይፈነዳል፣ አልጭንም» አለ። አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ሆነው «እሳት የሚያጠፋ ነገር እንዴት አድርጎ ነው የሚፈነዳው?» ብለው ተከራከሩልኝ። ሌላው «ግፊት አለው አባባ» አላቸው፤ እሱም ልክ ነበር። በመጨረሻ ጉልበቴ መሃል አቅፌው እንድሄድ ተፈረደ። ጅማን፣ አጋሮን፣ በደሌን እንደ ሕፃን አቅፌው አለፍኩ። ያዩ ስንደርስ ጫካው ውስጥ ጉም ወርዶ ነበር። የያዩ የቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ እኛ ልጆች ሆነን ግን እርጥብ የሆነ ብቻ ነበር የሚመስለን። ጎሬ ላይ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ውሃ የሞላው አገር ነው፤ ሶር አለ፣ ገባ አለ፣ ፏፏቴ አለ። ወደዚህ አገር እሳት ማጥፊያ ይዞ መሄድ ወደ ጎንደር ጤፍ እንደ መውሰድ ነው የሚመስለው። ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ጀንፈሉ ደርቆ በጆንያ ቤት ሲገባ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ገመዱ ሲጋል፣ ጓዳው ጥግ በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን ሲቀመጥ፣ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ነው እንጂ ውስጥ አይደለም።

እማዬ በሩ ላይ ተቀበለችኝ፣ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ፣ ከዚያ ቁልቁል አየች። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ጋዝ ነው?»

በማግስቱ ስነሳ ሲሊንደሩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ገና ነበር፤ ጎረቤት ለቡና ሲመጣ አየው። አንዷ እናት ዙሪያውን ዞረው ተመለከቱና «ስንት ጊዜ ይሠራል?» አሉ።

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ?» ዋጋውን ሲሰሙ ደግሞ አማተቡ። «ለአንድ ጊዜ!»

ዳንቴሉን አነሳሁ፣ እማዬ መለሰችው። ቦታው በር አጠገብ መሆን አለበት አልኳት፤ ምድጃው አጠገብ ከተሰቀለ እሳቱን አልፈሽ ልታነሺው ነው፤ በር አጠገብ ከሆነ ግን ልታመጪው ስትሄጂ እግርሽ ወደ መውጫው ነው፣ ካልቻልሽ ትወጫለሽ። ይሄ ገባት። «እሺ፣ በር ላይ ይሁን። ዳንቴሉ ግን አቧራ ይከላከላል» አለች። ተስማማን።

ከዚያ አንሽው አልኳት። ዱቄቱ 6 ኪሎ ነው እንጂ ከነብረቱ ወደ 9 ኪሎ ይደርሳል። በግራ እጇ አነሳችው። «አሁን እዚህ ላይ ጨምቂ ነው የሚባለው» ብዬ እጀታውን አሳየኋት። በቀኝ ልትይዘው እጇን ዘረጋች። ሦስት ጣት።

ምን እንደገዛሁ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እጀታው ሙሉ ጭብጥ ነው የሚፈልገው፤ የሚሸከመውና የሚጨምቀው ያው አንድ እጅ ነው፣ ሌላው እጅ ቱቦውን ይይዛል። እሷ በግራዋ ብትሸከም ቱቦውን በሦስት ጣት መያዝ ትችላለች፤ ግን 65 ዓመቷ ነው፣ 9 ኪሎ አንጠልጥሎ መጭመቅ በግራ እጅ እኔም ይከብደኛል። «ይሄ እጄ ሊጥ እንጂ ብረት አይጨብጥም» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ለዚያ እጅ ማካካሻ ብዬ ያመጣሁት ነገር ያ እጅ የማይዘው ነገር ሆነ።

ያዳነን ጎረቤታችን ሹፌሩ ናቸው። «ጋሼ፣ የመኪናዎን እሳት ማጥፊያ ያውሱኝ» አልኳቸው። ከወንበር ሥር አወጡት። ሁለት ኪሎ ነው፤ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። «ስንት ዓመቱ ነው?» «እንጃ፣ አራት ቦሎ አልፏል» አሉ። ባዶ ስለሆነ ደግሞ ለመለማመጃ ከእሱ የተሻለ አልነበረም፤ ብትጨምቀው የሚወጣ ነገር የለም። እማዬ ግቢ ውስጥ በግራዋ አንስታ፣ ቂጡን ዳሌዋ ላይ አስደግፋ፣ በቀኟ ቱቦውን ይዛ ጨመቀች። ቻለች። የሰፈር ልጆች «እሳት! እሳት!» እያሉ ዙሪያዋን ሮጡ፤ እሷ ግራና ቀኝ እየጠረገች አሳደደቻቸው። ጋሼ የራሳቸው ዕቃ ባዶ መሆኑን ያን ቀን ነው የተረዱት መሰለኝ፤ ትንሽ ዝም ብለው ነበር።

ስለዚህ ባለ 6 ኪሎው የግቢው ይሁን፣ አጥሩ በር አጠገብ ከዝናብ ተከልሎ ይሰቀል፣ ተከራዮቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ያንሱት፤ ለአንቺ ባለ 2 ኪሎ እልካለሁ አልኳት።

«ለድስቱስ?» አለች።

«ለድስቱ ምን?»

«ዘይት ቢነድስ። ይሄ ዱቄት ለዘይት ይሆናል?»

የሶማሌ ተራው ልጅ ያለኝ ትዝ አለኝ። «ለድስት ክዳን ነው» አልኳት። «ከጎን አንሸራትተሽ ትከድኚዋለሽ፣ ቡታጋዙን ታጠፊያለሽ፣ ከዚያ አትነኪውም። ድስቱን አንስተሽ መሮጥ የለም። እስኪበርድ ክዳኑንም አትከፍቺም።»

«አውቃለሁ እኮ» አለች እማዬ። ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ያኔም ክዳኑን ላነሳ ስል ነው አንተ የደረስከው።»

መቁያውን አወዛወዘች። ቡናው ይንጣጣል።

«የት ነበር ክዳኑ?» አልኩ። ድምፄን አላውቀውም።

«እዚያው ነዋ፣ ሊጡን ከድኜበት። ወንበሩ ላይ።»

26 ዓመት ሳይሆን 27 ነበር እንግዲህ። ክዳኑን ታውቅ ነበር፤ ከእኔ በፊት ስንት ድስት እንዳፈነች ማን ያውቃል። ጎረቤት ሁሉ «ጎበዝ ልጅ» ሲለኝ አጠገባቸው በታሰረ እጅ ተቀምጣ ነበር። አንድ ቀን አልተናገረችም። አሁንም የነገረችኝ ልትወቅሰኝ አይደለም፤ ክዳን መሆኑን እንደምታውቅ ልትነግረኝ ነው። ላናግራት ፈልጌ የመጣልኝ ቃል «ለምን አልነገርሽኝም?» ብቻ ነበር።

«ምን ብዬ?» አለች። «ልጅ ነበርክ። ቡናውን አሽትት።»

አሸተትኩ።

ከመመለሴ በፊት ገበያ ወጥቼ ከድስቷ አፍ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ የብረት ክዳን ገዛሁና ከምድጃው ራቅ አድርጌ፣ እጇ በሚደርስበት ቁመት፣ በሚስማር ሰቀልኩላት። ባለ 2 ኪሎውን በጋሼ መኪና ላክሁላት። እሱንም ዳንቴል እንዳለበሰችው ሰምቻለሁ።

ባለ 6 ኪሎው ሥራ ያገኘው ፋሲካ ሰሞን ነው። ከግድግዳ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን እንጀራ ስትጋግር የኤሌክትሪክ ምጣዷ ገመድ ከሶኬቱ ሥር ነደደና መጋረጃውን ያዘ። አንዱ ተከራይ ልጅ መጀመሪያ ቆጣሪውን አጠፋ፤ ይሄን ማንም አልነገረውም፣ በራሱ ነው ያሰበው። ከዚያ ሲሊንደሩን ይዞ ገባ። ሦስት አራት ሰከንድ ቢረጭ ነው አለኝ በስልክ። ጠፋ። ግድግዳ ሳይነካ፣ ኮርኒስ ሳይነካ። ቆርቆሮ የገነጠለ ሰው የለም።

ያልነገርኳቸው ግን ነበር፤ ዱቄቱ የሚሄድበትን። ሊጡ ላይ፣ የተሰጣው በርበሬ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ሕፃኑ ልብስ ላይ ነጭ ሆኖ ተኛ። ሊጡም በርበሬውም ተደፋ። የበርበሬው ነገር በሰፈር እስከ ዛሬ ይነሳል። ቤቷ መትረፉን ጎረቤታችን አልካደችም፤ ግን «ውሃ ቢሆን በርበሬዬ ይተርፍ ነበር» ትላለች። ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ! በስልክ ማስረዳት ሞከርኩ። እማዬ «ተዋት፣ በርበሬ እኮ ነው» አለችኝ።

ሌላም ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ልጁ ግማሹ አልተነካም ብሎ ሲሊንደሩን ቦታው ሰቀለው። አንዴ የተነካ የዱቄት ሲሊንደር ግን ቫልቩ ላይ ዱቄት ይቀርበታል፣ አይገጥምም፣ ግፊቱ ቀስ እያለ ያመልጣል። መርፌውን አንብብልኝ ስለው «ቀይ ውስጥ ገብቷል» አለኝ። ዱቄት አለው፣ የሚገፋው የለውም። እንደገና መሞላት አለበት። ማን ይክፈል በሚለው ላይ ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ ቤቷ የተረፈላት ትክፈል የሚሉ አሉ፣ በርበሬዋ አልቋል ደግሞ ትክፈል እንዴ የሚሉ አሉ። እድሩ ይክፈል ያሉም ነበሩ፤ እድር ግን ለሞተ እንጂ ለተረፈ ደንብ የለውም። በመጨረሻ እኔ ከፈልኩ።

ጋሼ ሲሊንደሩን በመኪናቸው አዲስ አበባ ድረስ አመጡልኝ። ሲያስረክቡኝ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር። «በመንገዴ አንድ ጉዳይ አስፈጽሞልኛል» አሉ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የእሳቸው መኪና አምስተኛ ቦሎውን መለጠፉን ግን አይቻለሁ።

ሶማሌ ተራ ወስጄ አሳየሁት። ልጁ አስታወሰኝ። የሚሞሉት ሰዎች ጋ ላከኝ፤ አሮጌውን ዱቄት ደፍተው፣ ቫልቩን ጠርገው፣ አዲስ ሞልተው፣ መርፌው አረንጓዴ ላይ ሲቆም አሳዩኝ። ቀኑን ጽፈው አንገቱ ላይ አሰሩ።

ትናንት ማታ እማዬ ደወለች። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀች፣ ዝናቡ እንደጀመረ ነገረችኝ። ከዚያ «ያ ነገር መቼ ነው የሚመጣው? ሚስማሩ ባዶውን ቆሟል» አለች።

ጋሼ ሐሙስ ይወጣሉ። እስከዚያ አልጋዬ ሥር ነው።